ቤቱ የማን ነው?

ሃይሉክሷ ከድንበሩ ከጡዋል በኩል እየበረረች መጣችና የአቡ ፋይሰልን ግቢ አልፋ ሄደች። ከዚያ የረሳችው ነገር ትዝ ያላት ይመስል ቀጥ አለች፤ አቧራዋን ለብሳ፣ ጥሩምባዋን እየነፋች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች።

የቤቱ ሠራተኛ አዳነች ጥሩምባውን የሰማችው ጣሪያ ላይ የተሰጣ ልብስ ስትለቅም ነው። የእመቤቷን የማዳምን አባያ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እንደጣለች ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ወገቧ ላይ ያሰረችው የቁልፍ ዘለላ እንደ በቅሎ ቃጭል ይንሿሿል። አሥራ አራት ቁልፍ ነው። ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የሳምጣ ሹም ሆናለች፤ የምትሾመውም የምትሽረውም ሰው ባይኖርም።

ወሩ መጋቢት ነው፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ ሰባት። የየመን ጦርነት ከተጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ከሳምጣ በታች ያሉት የሱዑዲያ ድንበር መንደሮች ልቀቁ ተብለው ሰዉ ፍራሹንና ፍየሉን እየጫነ ወደ ሰሜን ይጎርፋል። ከተማዋ ራሷ ግማሽ ባዶ ሆናለች። የአቡ ፋይሰል ቤተሰብም ትናንት ልጅ አዋቂውን በትልቁ መኪና ጠቅጥቆ የባሕሩን መንገድ ይዞ ወደ ደርብ ከተማ ሄዷል። ለአዳነች የሚሆን ቦታ መጀመሪያ ነበረ፤ ኋላ ግን የማዳም የልብስ ስፌት መኪና ቀደማት። «ሐሙስ ያሲን መጥቶ ይወስድሻል» አለቻት ማዳም በመስኮት ብቅ ብላ። ቀጥላም ጣቷን ቀስራ፦ «አድና፣ ለማንም እንዳትከፍቺ! ለማንም!» አዳነች የሚለው ስም ለስድስት ዓመት አፏ ላይ አልተስተካከለላትም፤ አድና ብላ ተገላግላለች።

«ወላሂ አልከፍትም» አለች አዳነች።

የላስታ ልጅ ናት፤ አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቤተ ክርስቲያን ካየች ስድስት ዓመት ያለፋት፣ ግን አንድም ጾም ያልሻረች ክርስቲያን። ወላሂ ብላ መማሏን ራሷም የታዘበችው መኪናው ከታጠፈ በኋላ ነው። በአረብኛ የተማለ መሐላ ሰማይ ቤት በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ የሚነግራት ቄስ በአካባቢው ስላልነበረ ነገሩን ለእግዜር ትታ ማጀቷን ማጠብ ጀመረች።

አሁን ግን በሩ እየተደበደበ ነው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ያሲን! ክፈቺ፣ ሰው ነው የጫንኩት!»

ያሲን የአቡ ፋይሰል እርሻ ሾፌር ነው። የወረባቦ ልጅ። መንዳትና ማውራትን በአንድ ቀን ስለተማራቸው አንዱን ሲያቆም ሌላውም ይቆምበታል ይሉታል። ዛሬ ግን መኪናዋ ቆማ እንኳ አፉ አልቆመም። አዳነች በበሩ ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ ሃይሉክሷ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል፤ በመካከላቸውም ነጭ ጨርቅ የተጠመጠመበት አንድ እግር እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ ብሎ ወጥቷል።

«እነማን ናቸው?»

«የእኛው ሰዎች ናቸው እቴ። የወሎ እረኞች፤ ከኛ እርሻ ማዶ ከብት የሚጠብቁት። አሥራ አንድ ናቸው። ሌሊቱን በእግራቸው ሲሄዱ አድረው ጧት አገኘኋቸው። ያ እግሩ የተጠቀለለው አያ ሙሐረም ነው፤ ፍንጣሪ መትቶት። ሐኪም ቤት አጥበው አሰሩለትና ‹ሦስት ቀን መሬት እንዳይረግጥ› አሉት። የት ሄዶ ነው የማይረግጠው?»

«ኢቃማቸውስ፣ የመኖሪያ ወረቀታቸው?»

ያሲን ዞር ብሎ መንገዱን ቃኘ። 

«ኢቃማ አላቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁሉም አላቸው። ግን አሠሪያቸው ጋ ነው። አሠሪያቸው ደግሞ ወረቀቱ ያለበትን ሰንዱቅ ይዞ አብሃ ከተማ ገብቷል። ስልክ አንስቷል፤ ‹በሦስት ቀን አመጣለሁ› ብሏል። እስከዚያ መንገድ ላይ ከተያዙ ቀጥታ ተርሂል ነው። ወንዱን ለብቻ፣ ሴቷን ለብቻ። ዘይነባ የአያ ሙሐረም ሚስት ናት፤ እሷ ከሌለች ያንን ቁስል ማን ያጥባል?»

ተርሂል ማለት ወደ አገር የሚመለስ ሰው የሚታጎርበት ቤት ነው።  ወረቀት የሌለው ሰው ያስጠጋ፣ የራሱም ወረቀት እንደሚቀደድ አዳነች ታውቃለች። የሷ ወረቀት ደግሞ የስድስት ዓመት ወረቀት ነው፤ አገር ቤት ያለች ልጇ የምትማረው በዚህ ካርድ ነው።

«አልችልም ያሲን። ምያለሁ።»

«በምን?»

«ወላሂ ብዬ።»

ከመኪናው ላይ ሳቅ ተሰማ። ያሲን ግንባሩን በሩ ላይ አሳረፈ። «አንቺ ሴት! በማርያም ብትምዪ ኖሮ እኔም እፈራልሽ ነበር። በወላሂማ የሚጠይቅሽ የኛ ወገን ነው፤ የኛ ወገን ደግሞ ይኸው ውጭ ቆሟል!»

«አትቀልድ።»

«እሺ፣ አልቀልድም። ወዴት ልውሰዳቸው? ንገሪኝ ብቻ።»

አዳነች ቁልፉን በእጇ ጨብጣ፣ ከበሩ ወዲህ ቆማ፣ ሰዎቹ በራሳቸው ተስፋ ቆርጠው ቢሄዱላት ብላ ተመኘች። በመመኘቷም ወዲያው አፈረች። የሕማማት ሳምንት ማክሰኞ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ከመኪናው ላይ የሽማግሌው የሙሐረም ድምፅ የመጣው። ያረጀ፣ ግን የጠራ፣ ከብት ሲጠራ የኖረ ድምፅ።

«ቤቶች!»

አዳነች ክው አለች።

«ቤቶች! የመሸብን መንገደኞች ነን። አሳድሩን።»

ፀሐይ አናት ላይ ናት። ከቀኑ አምስት ሰዓት አልፏል። የሳምጣ አስፋልት እንቁላል ይጠብሳል። ሽማግሌው ግን መሸብን አለ፤ እንዲህ ነው እንጂ ሌላ አባባል አያውቅማ። ከአባቱ የሰማው ይህንን ነው፤ አባቱም ከአባቱ። የሰው ደጅ ቆሞ ማደሪያ የሚለምን ሰው፣ ጠዋትም ይሁን ቀትር፣ መሽቶበታል።

አዳነችም ይህን ቃል የሰማችው ልጅ ሆና ነው። ላስታ፣ የአባቷ ደጅ፣ ዝናብ የበሰበሰ ነጋዴ፣ አህያው ከኋላው። አባቷም እሳት ዳር እንደተቀመጠ ቀና ሳይል የሚመልሰው አንድ መልስ ነበር። መልሱ ሌላ አማራጭ የለውም። አይሆንም የሚባልበት ቃል አልተፈጠረለትም።

«ቤት የእግዜር ነው» አለች።

አፏ ነው የቀደማት። እጇም አፏን ተከተለ። ትንሿ በር ተከፈተች።

«ተባረክ!» አለ ያሲን ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። እሱና ሌላ ጎልማሳ አያ ሙሐረምን እንደ ቃሬዛ ተሸክመው በጎን አስገቡት። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉ። ከሁሉም በኋላ ዘይነባ ገባች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊቷ በአቧራ የነጣ። አዳነችን ስታይ እንባዋ መጣና እጇን ዘርግታ ልትስማት ተንደረደረች።

አዳነች ወደ ኋላ ዘለለች። እጇንም ከጀርባዋ ደበቀች።

ዘይነባ ባለችበት ደረቀች። የተዘረጋው እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። «ምነው እቴ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ላብ ላብ ብንል ነው? ወይስ እስላም በመሆናችን?»

«ኧረ በስመ አብ! ሕማማት ነው እኮ! መሳሳም አይቻልም፣ መጨባበጥም አይቻልም። ይሁዳ ጌታን ስሞ ስለሰጠው እስከ ትንሣኤ ሰላምታ የለም።»

«ውይ!» ዘይነባ አፏን ያዘች። «ሕማማት ገባ እንዴ? እኔ እኮ እዚህ አገር ቀኑ ጠፍቶብኛል። እኛ ሰፈር እኮ ጎረቤታችን እማማ ጌጤነሽ በሕማማት ቤታችን ሲመጡ እንደ ተቆጣ ሰው በሩ ላይ ነበር የሚቆሙት። እሺ በቃ፣ ፋሲካ ላይ አንድ ላይ እስምሻለሁ።»

«ዱቤ ነው» አለች አዳነች። ሁለቱም ሳቁ፤ ነገር ግን ሳቋ ሳያልቅ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ነካካችው።

ሰዎቹን ያስቀመጠቻቸው ግቢው ውስጥ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ነው። ሁለት የሰሌን ምንጣፍ አነጠፈችላቸው። እልፍ ብሎ የእንግዳ መቀበያው ትልቅ ክፍል፣ መጅሊሱ፣ ተቆልፎ ቆሟል። ቁልፉ ከአሥራ አራቱ አንዱ መሆኑን ታውቃለች፤ እጇ ግን ወደዚያ አልሄደም። ግቢ መክፈት አንድ ጥፋት ነው፤ የማዳምን መጅሊስ መክፈት ደግሞ ሌላ አገር ነው።

ማቀዝቀዣው ውስጥ የማዳም ዶሮ ነበረ። እሷ ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፤ ከዚያ በኋላም ዳቦና ሽምብራ ነው። ለእንግዶቿ ግን ዶሮውን በሩዝ ጣለችው። ሽታው ግቢውን ሲሞላ ሙሐረም አንገቱን ቀና አደረገ።

«የኔ ልጅ» አለ በጥንቃቄ፣ «እንዳይከፋሽ እንጂ… ዶሮውን ያረደው ማነው?»

ለካ አንገቷ ላይ ያለውን ጥቁር ማተብ አይቶታል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያን ያረደውን እስላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ በአንድ ሠርግ ሁለት በሬ የሚጣለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወግ ያለው ጥያቄ ነበር።

ያሲን ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ኒሙን ተደገፈ። «አያ ሙሐረም፣ ሱዑዲያ እኮ ነን! እዚህ ክርስቲያን ያረደው ዶሮ ከየት ይመጣል?»

«እሷን ነው የጠየቅኋት፣ አንተን አይደለም!»

«የእስላም ነው አባባ፣ ይብሉ» አለች አዳነች። «የምቸገረውስ እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የራሴ የሚሆን ቁራጭ ሥጋ ጠፍቶብኝ በጾምም በፍስክም ሽምብራ ሆነ ነገሬ።»

«አላህ ይርዳሽ» አለ ሙሐረም ከልቡ አዝኖላት።

ሩዙ ሳይወርድ ከሩቅ አዛኑ ተጠራ። ወንዶቹ በጎማው ውኃ ታጠቡና ምንጣፉ ላይ ተሰለፉ። ሙሐረም ታላቃቸው ስለሆነ እግሩን ዘርግቶ፣ ቁጭ እንዳለ፣ ከፊት ሆነ። ዘይነባ ከኋላ ለብቻዋ ቆመች። አዳነች ማማሰያዋን ይዛ ትንሽ አየቻቸው፤ ወደ ድስቷ ልትመለስ ስትል መኪና ቆመ።

ሃይሉክስ አይደለም። የወታደር መኪና ነው።

በሩ ሦስት ጊዜ ተመታ። ስትከፍተው ሦስት ወታደሮች ቆመዋል። ፊተኛው ረቂብ ነው፤ በእኛ ሃምሳ አለቃ መሆኑ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጢሙ አቧራ ጠግቧል፣ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ ሰነባብቷል። በእጁ ወረቀት ይዟል። ባዶ የሆኑ ቤቶችን እየመዘገቡ፣ ወረቀት የሌለውንም ሰው እየሰበሰቡ ነው።

«በይት ሚን ሀዛ?» አለ። ቤቱ የማን ነው?

ቀላል ጥያቄ ነበር። የአቡ ፋይሰል ነው ብትል ያልቃል። አዳነች ግን በድንጋጤ ስድስት ዓመት የኖረችበት ቤት ባለቤት ስም ጠፋባት። አንድ ቃል ብቻ ነበር አፏ ላይ የቀረው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የተናገረችው። አረብኛዋ የማጀት አረብኛ ነው፤ ሽንኩርት አምጪ፣ መብራት አጥፊ እዚህ ድረስ ነው የሚያስኬዳት። ያንኑ አማርኛዋን ቃል በቃል ገለበጠችው።

«በይት አላህ» አለች።

የረቂቡ ቅንድብ ተነሣ። በእኛ ዘንድ ቤት የእግዜር ነው ማለት ግቡ ማለት ነው። በአረቦቹ ዘንድ ግን የአላህ ቤት ማለት መስጊድ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ረቂቡ አንገቱን አስግጎ አየ፦ ግቢው ውስጥ አሥር ሰው በሰልፍ ቆሟል፣ ከፊት ሽማግሌ ኢማም ተቀምጧል፣ ጫማዎች በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። አንድ ነገር በፍጥነት ጠየቃት። አዳነች አልገባትም። ያልገባት ነገር ሲገጥማት የምትመልሰው ደግሞ የታወቀ ነው፤ አዎ ማለት ነው።

«አይዋ» አለች።

ረቂቡ ወደ ሰዎቹ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ያልጠበቀችውን አደረገ፤ ጎንበስ ብሎ የቡትሱን ገመድ መፍታት ጀመረ። አንደኛው ወታደር መኪናው ጋ ቀረ፤ ሌላኛውም ጫማውን አወለቀ። ረቂቡ እጅጌውን ሰብስቦ በምልክት ውኃ ጠየቃት። አዳነች ጆጉን አንሥታ እጁ ላይ አፈሰሰችለት፤ ግማሹ እግሩ ላይ ሄደ። እሱ ግን ቅር አላለውም፤ እግሩንም ማጠብ ነበረበት። ሲጨርስ በሰልፉ ጫፍ፣ በያሲን ጎን ቆመ።

ያሲን በዓይኑ ጭራ የወታደር ሱሪ አየ። ሙሐረምም ከፊት ሆኖ የቡትሱን ድምፅ ሰምቷል። ኋላ ያሲን እንደሚምለው ከሆነ የዚያን ቀን ዙሁር፣ የቀትሩ ስግደት፣ በሳምጣ ታሪክ ረጅሙ ዙሁር ነው። ሽማግሌው ግንባሩን ዝቅ አድርጎ እዚያው ቀረ። ቢጠበቅ፣ ቢጠበቅ፣ አይነሣም። «ሞቷል ብዬ ነበር» ይላል ያሲን፤ «ለካ የቻለውን ያህል አላህን እየለመነ ነው።»

ስግደቱን ሲያሰላምቱ ረቂቡ የጎደለውን ጨርሶ ተነሣ። ፊቱ ተለውጧል፤ ትንሽ ያረፈ ሰው ፊት ነው። ሙሐረምን በአክብሮት ሰላም አለውና ወደ ያሲን ዞሮ ብዙ ነገር ጠየቀ። ያሲን መልስ ከመስጠቱ በፊት በአማርኛ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ ወደ አዳነች ተነፈሰ።

«መስጊድ መስሎታል።»

«ምን?»

«በይት አላህ ስላልሽው! ለተፈናቃይ የተከፈተ መስጊድ መስሎታል። ማን እንደፈቀደ ነው የሚጠይቀኝ። ዝም በይ፣ በቃ ተይው እንዳለ። መስጊድ ውስጥ ሰው አይለቅምም። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

አዳነች ዘይነባን አየቻት። ዘይነባ የባሏን ቁስል እግር በሁለት እጇ አቅፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ከአዳነች አልነቀለችም። ዝም ማለት እንዴት ቀላል ነበር። አንድም ቃል አልዋሸችም፤ የዋሸው ትርጉሙ ነው። ግን አባቷ ያንን ቃል ሲናገር አታሎ አያውቅም። ቃሉን ማምለጫ ካደረገችው፣ ነገ ሌላ ሰው ደጇ ቆሞ መሸብኝ ቢላት በየትኛው አፏ ትመልሳለች?

«ያሲን፣ የምልህን ቃል በቃል ንገረው።»

«አትበዪ!»

«መስጊድ አይደለም በለው።»

ያሲን ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ፣ መቼም ሰው ነው፣ ተረጎመላት። ረቂቡ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ቤቱ የአቡ ፋይሰል ነው» አለች አዳነች። «እኔ ሠራተኛዋ ነኝ። ለማንም አትክፈቺ ተብዬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። በአገሬ መንገደኛ ደጅ ሲቆም ቤት የእግዜር ነው እንላለን፤ ግባ ማለታችን ነው። እሱን ነው በአረብኛ ያልኩህ፤ ልሸውድህ አይደለም።» ከደረቷ ስር ካርዷን አወጣችና ዘረጋችለት። «ኢቃማዬ ይኸው። ወረቀት የሌላቸው አሠሪያቸው ስለወሰደው ነው፤ በሦስት ቀን ይመጣል። የሚወሰድ ሰው ካለ እኔን ውሰድ። ሽማግሌው መሬት መርገጥ አይችልም።»

ረቂቡ ካርዱን አነበበ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ነስራኒያ ነሽ?» አለ። ክርስቲያን ነሽ?

«አይዋ» አለች። የአሁኑ አይዋ ግን ገብቷት ነው።

ወታደሩ ካርዱን ገለበጠ፣ እንደገና አቀናው። ግቢውን አየ፤ ምንጣፉን፣ የሚንተከተከውን ድስት፣ ግንባራቸው ላይ አሸዋ የቀረባቸውን እረኞች። ከዚያ ጢሙን በመዳፉ ጠርጎ ወደ ያሲን ተናገረ፤ ድምፁ ውስጥ ግማሽ ሳቅ ነበር፣ ግማሹ ግን ሳቅ አልነበረም።

ያሲን ሲተረጉም ተንተባተበ። «እንዲህ ይላል… ‹ከጠዋት ጀምሮ ሠላሳ ቤት አንኳኩቻለሁ፤ ሁሉም ይሄ የእኔ ነው አለኝ። የእግዜር ነው ያለችኝ ይቺ ብቻ ናት። አሁን ደግሞ ሰግጄበታለሁ። የሰገድኩበትን ቤት እንዴት አድርጌ ባዶ አደርጋለሁ?›»

ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» ብላ እንባዋን ለቀቀችው። ረቂቡ ግን ጣቱን አነሣ።

«ላኪን» አለ። ግን። «የባለቤቱ ቃል ያስፈልገኛል። እንግዶቼ ናቸው ካለ፣ ዱዩፍ ናቸው ብዬ እመዘግባለሁ፤ የሰው እንግዳ አልነካም። አላውቃቸውም ካለ…» በጣቱ መኪናውን አሳየ።

አዳነች ስልኳን አወጣች። የአቡ ፋይሰል ተዘግቷል። የማዳም ጠራ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሲነሣ፣ ሁሉንም ነገር በማጀት አረብኛዋ አፈሰሰችው፦ ከፈትኩ፣ አሥራ አንድ ሰው፣ እግር፣ ወታደር፣ ዶሮሽን ቀቀልኩት። የዶሮውን ማንም አልጠየቃትም፤ ግን ከተናዘዙ አይቀር ብላ ነው።

ከወዲያ በኩል የልጆች ጫጫታ ተሰማ፤ በር ተዘጋና ጫጫታው ራቀ። 

«ለወታደሩ ስጪው» አለች ማዳም።

ረቂቡ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። «ነዓም ያ ኻላ» አለ፤ እሺ አክስቴ ማለቱ ነው። ከዚያ አዳመጠ። ድጋሚ «ነዓም» አለ። ቀስ በቀስ፣ መኮንን ፊት እንደቀረበ ሰው፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ነዓም ያ ኻላ። አይ፣ አልነካሁም። ወላሂ ማንንም አልነካሁም። አዎ፣ ጫማዬን አውልቄያለሁ።» ያሲን እየተረጎመ በመገረም አፉን ከፍቶ ቀረ። ረቂቡ ስልኩን ከጆሮው አርቆ፣ እንደ ትኩስ ድንች፣ ለአዳነች ሰጣት። «አንቺን ትፈልጋለች» አለ፤ ወረቀቱንም አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

«አድና!» አለች ማዳም።

«እመት… ነዓም።»

«እኔ አሁን የት እንዳለሁ ታውቂያለሽ? ደርብ፣ ፊቷን አይቼ የማላውቃት ሴት ቤት። ትናንት መኪናችን ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቆመን ሳለን ወጥታ አስገባችን። ልጆቼን በራሷ አልጋ ላይ አስተኛች፤ እሷ መሬት ላይ ተኛች። ስምሽ ማነው ብላ እንኳን አልጠየቀችኝም።» ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን ተጠገነ፣ የማዳም ድምፅ ሆነ። «አሁን ንገሪኝ። እንግዶቼን የት ነው ያስቀመጥሻቸው?»

እንግዶቼን አለች። አዳነች በትክክል መስማቷን ለማረጋገጥ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።

«ግቢ ነው ማዳም። ኒሙ ሥር። ምንጣፍ አንጥፌ።»

«ምን ዓይነት ምንጣፍ?»

«የሰሌኑ።»

«የሰሌኑ?!» ጩኸቱ ለረቂቡም ተሰማው። «የአቡ ፋይሰልን እንግዶች፣ ቁስለኛ ሽማግሌ፣ የሰሌን ምንጣፍ ላይ? ነገ ሳምጣ ውስጥ በየት በኩል ነው ፊቴን የማሳየው? መጅሊሱን ክፈቺ! አሁኑኑ! ቀዮቹን ትራሶች አውጪ። በዶሮ ብቻ እንዳታበያቸው፣ ከታችኛው መሳቢያ የበግ ሥጋ አለ!»

አዳነች ሮጠች። አሥራ አራቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ሞክራ አሥራ ሦስተኛው ላይ መጅሊሱ ተከፈተ። የቀዘቀዘ አየር ወጣ፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ምንጣፍ፣ ቀይ ትራስ፣ ግድግዳው ላይ ወርቅማ ሰዓት። እረኞቹ ደፉ ላይ ቆመው እግራቸውን አዩ። የማንም እግር አልተንቀሳቀሰም።

«ኧረ እኛ እዚሁ ጥላው ይበቃናል» አለ ሙሐረም።

ረቂቡ ብዕሩን ኪሱ ከተተ። አንድም ቃል ሳይናገር ጎንበስ ብሎ ሽማግሌውን በአንድ ብብቱ ያዘው፤ ያሲን በሌላው ገባ። የመንግሥት ሃምሳ አለቃና የእርሻ ሾፌር አያ ሙሐረምን እንደ ሙሽራ አጅበው ቀዩ ትራስ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ለመግባት ፈቃድ አልጠየቁም።

ውጭ ደግሞ ሌላ መኪና ሲቆም ተሰማ። አንድ የድንበር መንደር ሽማግሌ፣ የጂዛን ሰው፣ ሁለት ሴት ልጆቹን፣ አንድ የተጠቀለለ ድንኳንና ስድስት ፍየሎች ጭኖ መንገድ ጠፍቶበት ቆሟል። ረቂቡ ወደ በሩ ወጣና ክንዱን ዘርግቶ አመለከተው። በዚህ ግባ።

«አድና፣ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» ማዳም አሁንም ስልክ ላይ ናት። «ሌላም ሰው መጣ እንዴ?»

«መጣ ማዳም።»

«ስንት?»

«ሦስት ሰው… እና ስድስት።»

«ታዲያ በትንሿ በር እንዴት ይገባሉ? ትልቁን ክፈቺ!»

ትልቁ የብረት በር የሚከፈተው ለአቡ ፋይሰል መኪና ብቻ ነበር። አዳነች በስድስት ዓመት አንድ ቀን ነክታው አታውቅም። መቀርቀሪያውን ስትስበው ዝጎ እምቢ አለ። ወታደሩ በአንድ ትከሻው፣ ዘይነባ በሌላው፣ ያሲን በቃሉ ገፉት፤ በሩ አንድ ጊዜ አጓራና በሁለቱም ክንፉ ወለል ብሎ ተከፈተ። የሳምጣ መንገድ ሁሉ እስከ መጨረሻው ታየ።

መጀመሪያ የገቡት ፍየሎቹ ናቸው። ማንንም ሳይጠይቁ፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ በቀጥታ ወደ ማዳም የፉል አበባ አመሩ፤ ለሰባት ዓመት በጆግ ውኃ ያሳደገችው፣ ለሠርግ ብቻ የምትቀጥፈው፣ መንደሩን ሁሉ የሚያውድ ነጭ አበባ። አዳነች ስልኩን በአንድ እጇ፣ መጥረጊያውን በሌላው ይዛ «ሂጅ! ሂጅ ከዚያ!» እያለች ዘለለች። እረኞቹም ሙያቸው ነውና ከመጅሊሱ በባዶ እግራቸው ተንጋግተው ወጡ። ግቢው በፉጨት፣ በሳቅና በፍየል ድምፅ ተናወጠ።

«አድና! ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

አዳነች የመጨረሻዋን ፍየል በቀንዷ ይዛ፣ እያለከለከች፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እንግዶችሽ ናቸው፣ ማዳም።»